9 ቤዝ ጊታር ይዛችሁ ሦስቱን ብቻ ለማስቀረት

እኔ ራሴን ሰብሳቢ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንዱን ስገዛ "ይሄኛው ለስቱዲዮ ነው" እላለሁ፣ ሌላውን ስገዛ "ይሄ ለልምምድ፣ ቢጫርም አያናድደኝም" እላለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ መስኮት ለመክፈት ኬዝ መሻገር ጀመርኩ። ቆጠርኳቸው፣ 9። ባለፈው ወር ስንቱን ነካሁ ስል ደግሞ ሁለት። ሰባቱ በቃ ዕቃ ሆነዋል ማለት ነው። እናንተም እዚ ደርሳችሁ ከሆነ እኔ የሄድኩበትን ልንገራችሁ፣ ስህተቴንም ጨምሬ፣ ምክንያቱም አንዱ ስህተቴ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ማንም ላይ አትፍረዱ። ሁሌ ምትጫወቱበት ቤዝ ክሩ ደህና ነው፣ አክሽኑ (የክሩ ከፍታ) ተስተካክሏል፣ እጃችሁም ለምዶታል፣ ያኛው ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በሞተ ክር ኬዝ ውስጥ ተኝቶ አንገቱ ጎብጧል፣ ታዲያ ሁለቱን አስተያይቶ "ይሄ ይሻላል" ማለት ምን ሚሉት ፍርድ ነው? ስለዚ ሁሉንም አውጡና ሴታፕ አድርጓቸው። ያን ያህል ከባድ አይደለም። አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተሰመረው ብረት) ላይ ካፖ (ክር መጫኛ ማሰሪያ) እሰሩ (ከሌላችሁ በጣት ተጫኑት)፣ በሌላው እጃችሁ ወፍራሙን ክር አንገቱ ከቦዲው ሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑትና 7ኛውና 8ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሀል ያለውን ክፍተት ዝቅ ብላችሁ እዩ። የቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል፣ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። በጣም ከሰፋ ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) ወደ ሰዓት አቅጣጫ አጥብቁት፣ ጭራሽ ክፍተት ከሌለ አላሉት፣ ግን በአንዴ ከሩብ ዙር አትለፉ፣ እንጨት ነው፣ አንድ ቀን ስጡትና ተመልሳችሁ እዩት። ከዛ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫኑ ነካ ብቻ አድርጋችሁ ስትመቱት ሚወጣውን) እና ተጭናችሁ ሚወጣውን ድምፅ በቱነር (በመቃኛ) አስተያዩ፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ብሪጁ ላይ ያለውን ሳድል (የክሩን ማረፊያ) ወደፊት ወደኋላ አድርጉ። በቃ።

እዚች ጋር ገና ውድድሩ ሳይጀመር ሚወድቅ ሊኖር ይችላል። ትራስ ሮዱ እስከ መጨረሻው ጠብቆ አንገቱ አሁንም እንደ ቀስት ከሆነ፣ ወይም ከጭንቅላቱ በኩል ወደታች ስታዩት የተጠማዘዘ ከሆነ፣ ማሰሪያው ከቤዙ ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል። እሱ ይሂድ። ለሚገዛው ሰው ግን ችግሩን ንገሩት፣ ከኋላ ከሚመጣ ስልክ ይሻላል።

አክቲቭ የሆኑትን (በባትሪ ሚሰሩትን) ደግሞ የባትሪ ቤታቸውን ክፈቱ። እኔ አንዱን ስከፍት 9 ቮልቱ ባትሪ ፈሶ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ጨው ይረግፋል። በጥርስ ብሩሽና በትንሽ ኮምጣጤ እየፈተግኩ እያለ አንድ ነገር ገባኝ፣ ይሄን ክዳን ከከፈትኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ባትሪው እዛው አርጅቶ እስኪፈስ የረሳሁትን ቤዝ "እወደዋለሁ" ብል ማን ያምነኛል? ቤዙ ሰራ፣ ድምፁም ጥሩ ነው፣ ግን የዛን ቀን ነው ወደ መሸጫው ጎን የዞረው። (በነገራችን ላይ አብዛኛው አክቲቭ ቤዝ ላይ ፕሪአምፑ፣ ማለትም የድምፅ ማጠናከሪያው፣ ሚበራው ኬብሉ ሲሰካ ነው፣ ስለዚ ጨርሳችሁ ስትነሱ ንቀሉት፣ ካልሆነ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይበላል።)

አሁን በዘር በዘራቸው አሰልፏቸው። ያለው ቤዝ አብዛኛው ከጥቂት አባቶች ነው ሚወለደው። የአሜሪካው ፌንደር ፕሪሲዥን በ1951 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው ምቆጥረው)፣ አሁን ምናውቀውን ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ሚይዘው ማግኔት) በ1957 አገኘ፣ ጃዝ ቤዝ በ1960 መጣ፣ ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን በ1965 ለሲቢኤስ ከሸጠ በኋላ ደግሞ ሚውዚክ ማን ሚባል ድርጅት ጋር በ1976 ስቲንግሬይ ሚባለውን ትልቅ ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) እና አክቲቭ ፕሪአምፕ ያለውን ቤዝ አወጣ። ከዛ ወዲህ ያለው ስሙ ምንም ይሁን ምን ብዙውን ጊዜ የነዚህ ልጅ ወይ የልጅ ልጅ ነው። እናንተ ጋር ያሉትን በዚህ መልክ ስትደረድሯቸው ሚያስደነግጥ ነገር ታያላችሁ። እኔ ከ9ኙ አራቱ ፒ ቤዝ (ፕሪሲዥን) ነበሩ። አራት ቤዝ አለኝ ስል ለካ በአራት ቀለም የተቀባ አንድ ቤዝ ነው ያለኝ።

እዚ ላይ ግን ቶሎ አትቸኩሉ፣ ክር ሚባል ነገር አለ። ሁለት ፒ ቤዝ ኖሯችሁ አንዱ ላይ ፍላትዋውንድ (ላዩ ለስላሳ)፣ አንዱ ላይ ራውንድዋውንድ (ላዩ ሻካራ) ክር ካለ እነዚህ በእውነት ሁለት መሳሪያ ናቸው። የአሜሪካው ሞታውን ሙዚቃ ድርጅት ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን 1962 ፕሪሲዥኑ ላይ ፍላትዋውንድ አስሮ ክሩን ሳይቀይር በመቆየት ነው ሚታወቀው፣ ያ ድም ያለ፣ ተመትቶ ቶሎ ሚሞት ድምፅ ከዛ ነው። ፍላት የታሰረበት ቤዝ ካላችሁ እና ድምፁ ከተስማማችሁ ተዉት፣ ክሩን እያወለቃችሁ እየመለሳችሁ አታሰቃዩት፣ አንድ ቤዝ ለፍላት ብቻ ተቀምጦ መኖር ይገባዋል ባይ ነኝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተመሳሳይ ግን ምን ይሰራል?

ከአንድ ዘር ከሆኑት የቱ ይቆይ ለሚለው ጆሮን ሳይሆን ዓይንን መጠርጠር ነው። እኔ ያረግኩት እንዲህ ነው። ሁሉንም በአንድ ኬብል፣ በአንድ ኢንተርፌስ (ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ማስገቢያ)፣ ኖቡን ሁሉ ከፍቼ፣ እጄንም አንድ ቦታ ላይ አድርጌ፣ አንድ አይነት 8 ባር ከድራም ጋር ሪከርድ አረግኩ። ፋይሎቹን ጓደኛዬ ቁጥር ብቻ ሰጥቶ አቀላቀላቸው፣ የቱ የቱ እንደሆነ እሱ ብቻ ወረቀት ላይ ያዘ። ሳምንት ቆይቼ ሰማሁ። ሁለቱን፣ ለዓመታት "አንዱ ሞቅ ይላል፣ አንዱ ቀዝቀዝ ይላል" እያልኩ ስከራከርባቸው የነበሩትን፣ መለየት አልቻልኩም። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ ሞክሬ። ጭራሽ አንደኛ ያልኩት ቁጥር 4 የቱ ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ፣ ያ "ቢጫርም አያናድደኝም" ያልኩት የልምምዱ ቤዝ። ጓደኛዬ ወረቀቱን ሲያሳየኝ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም።

ስትሰሙ ደግሞ ብቻውን አትስሙት፣ ከድራምና ከጊታር ጋር ስሙት። ብቻውን ክፍል ሚያናውጥ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ሲገቡ ድራሹ ሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ባዶ ኢ ክር (ወፍራሙ) 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ትንንሽ ስፒከር ያንን ጭራሽ አያወጣውም፣ ሰው ሚሰማው ከሱ በላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች ነው። ስለዚ መሀሉ ላይ፣ 700 ኸርዝ ምናምን አካባቢ ሚናገር ነገር ያለው ቤዝ ብቻውን ሲሰማ አስቀያሚ ቢመስልም ባንድ ውስጥ ጎልቶ ይወጣል። ጃዝ ቤዝን ደግሞ "ይጮሃል፣ ኸም (እምም ሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ) አለው" ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ሁለቱንም ፒክአፕ እኩል ክፈቱና ስሙት፣ ሁለቱ በተቃራኒ ስለተጠመጠሙ እኩል ሲከፈቱ ኸሙ ይጣፋል፣ አንዱን ስትቀንሱ ነው ተመልሶ ሚመጣው። ያ የመሳሪያው ችግር አይደለም፣ ጠባዩ ነው።

ቀጥሎ ሰውነታችሁን ጠይቁት፣ እሱ አይዋሽም። የሰው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ከዛ ቤዙን ይዛችሁ ውጡ፣ ልዩነቱ ክብደቱ ነው። 4 ኪሎ አካባቢ ከሆነ ብዙ ሰው ይችለዋል፣ ከ4 ተኩል ሲያልፍ ግን ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ተጫውታችሁ በነጋታው ትከሻችሁ ያወራል። ክብደቱ ብቻ አይደለም ሚዛኑም አለ። ስትራፑን አንግቱና ግራ እጃችሁን ልቀቁት፣ አንገቱ ወደ መሬት ከወረደ ዘፈኑን ሙሉ አንገት ምትሸከመው ግራ እጃችሁ ናት ማለት ነው። ጊብሰን ተንደርበርድ በዚህ የታወቀ ነው፣ ቁመናው ግን ያምራል፣ ምን ይደረግ። ሰፊና ከውስጥ ሻከር ያለ ስትራፕ ትንሽ ይረዳል፣ ተአምር ግን አትጠብቁ።

የአንገት ነገር ደግሞ አለ። የተለመደው ስኬል (ሚርገበገበው የክሩ ርዝመት) 34 ኢንች ነው፣ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሾርት ስኬል ሚባለው 30 ኢንች፣ 76 ሴንቲ ሜትር። የ1956ቱ ቫዮሊን መሳይ ሆፍነርና የ1966ቱ ፌንደር ማስታንግ ሾርት ናቸው። ብዙ ሰው ሾርት ስኬልን የልጅ መጫወቻ ያደርገዋል፣ ተሳስቷል፣ የእጅ አንጓችሁ ማመም የጀመረ ቀን ምትጫወቱበት ብቸኛው ቤዝ እሱ ሊሆን ይችላል። ነት (ጭንቅላቱ ስር ያለው የክሩ ማረፊያ) ላይ ያለውም ስፋት ይለያያል፣ ጃዝ ቤዝ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ፒ ቤዝ ብዙ ጊዜ ከ41 በላይ። እጃችሁ ሁለቱንም ይለምዳል፣ ግን በአንድ ምሽት ሦስት አይነት ስፋት እየቀያየሩ መጫወት ስህተት ይጠራል። ምታስቀሯቸው ቤዞች አንገታቸው ቢቀራረብ ጥሩ ነው፣ ይሄን ማንም ሳይነግረኝ መድረክ ላይ ነው የተማርኩት፣ ለሶል የዘረጋሁት ጣት ሶል ዲያዝ ላይ ሲያርፍ።

ባለ አምስት ክሩን በስሜት ሳይሆን በቆጠራ ወስኑ። ምትጫወቷቸውን ዘፈኖች ዝርዝር አውጡና ከኢ በታች ምትወርዱባቸውን ምልክት አርጉ። እኔ ከ40 ዘፈን 11 አገኘሁ፣ ስለዚ ባለ አምስቱ እኔው ጋር ቀረ። ሁለት ወይ ሦስት ብቻ ቢሆን ኖሮ የባለ አራቱን ኢ ወደ ዲ አውርጄ እገላገል ነበር። ከወሰናችሁ በኋላ ደግሞ ቢ ክሩን ለብቻው ፈትኑት፣ ባዶውን ስትመቱት 31 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ከዛ 5ኛው ፍሬት ላይ፣ ከዛ 7ኛው ላይ። ድምፁ ጥርት ብሎ ኖታው ከተሰማ ጥሩ፣ እንደ ላላ ገመድ ከተንቦጫረቀ ክር ቀይሩለት፣ በአዲስ ክርም ካልተለወጠ አሰናብቱት። አንዳንድ ሰሪዎች ባለ አምስት ክርን 35 ኢንች ሚያረጉት ለዚህ ነው፣ ክሩ ረዘም ሲል ይወጠራል።

ፍሬትለስ (ፍሬት የሌለው ቤዝ)... እንግዲህ እዚ ላይ ሁላችንም እንዋሻለን። ቤዚስቱን ጃኮ ፓስቶሪየስን ሰምቶ ፍሬትለስ ያልተመኘ የለም። እሱ ግን ጃዝ ቤዙ ላይ ራውንድዋውንድ ክር ስለነበረ እንጨቱ እንዳይበላ በኤፖክሲ ቀብቶት ነበር፣ እኛ ያንን ሳናረግ ራውንድ አስረን ከዓመት በኋላ ጣት ማሳረፊያው ላይ መስመር ተቆፍሮ እናገኛለን። ጥያቄው አንድ ነው፣ ባለፉት ሦስት ወራት ፍሬትለሱን ይዛችሁ ከቱነር ወይ ከድሮን (ሳያቋርጥ ከሚሰማ አንድ ድምፅ) ጋር ቅኝት ተለማምዳችኋል? ካልሆነ ምኞት ነው ያስቀመጣችሁት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ምርጫው መጨረሻ ላይ ሚዞረው እዚች ላይ ነው። አንድ ጃዝ ቤዝ ነበረችኝ፣ ያገለገለች ነበረች ስገዛትም፣ ከአንገቷ ጀርባ አውራ ጣት ሚያርፍበት ቦታ ላይ ቫርኒሹ አልቆ እንጨቱ ወጥቷል፣ ቀለሙ ጠቆር ብሎ እንደ አሮጌ ሙቀጫ ልስልስ ያለ። መልኳ ግን ጎስቋላ ነበር፣ ጠርዟ ሁሉ ተፈግፍጓል። ያኔ አዲስ፣ ሚያበራ፣ እሷን መሳይ ነገር ስገዛ "ሁለት ጃዝ ምን ያረግልኛል" ብዬ አሮጊቷን ሸጥኩ። በራሴ ሕግ ትክክል ነበርኩ እኮ፣ አንድ ዘር፣ አንድ ድምፅ። በሁለት ወሩ ቆጨኝ፣ ገዢውን ደወልኩለት፣ እሱም ሸጧታል። ከዛ ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት፣ ያው ቀለም ፈልጌ ገዛሁ፣ ካርቶኑን ቀድጄ ገና ክር ሳልነካ አውራ ጣቴን ከአንገቱ ጀርባ አሳረፍኩ። እሷ አይደለችም። ድምፁ ቢመሳሰልም እጄ ይሄ የሰው ቤት ነው አለኝ።

ስለዚ ከሁለት ተመሳሳይ አንዱን ስትሸጡ ሚሸጠው ነገ ተመልሶ ሊገዛ ሚችለው ይሁን። ፋብሪካው አሁንም ሚሰራው፣ የትም ሚገኝ ቤዝ ቢያምርም ቢወደድም እሱን መሸጥ ሚያስፈራ ነገር የለውም፣ ከቆጫችሁ ትመልሱታላችሁ። በእጅ የተሰራ፣ አንገቱ በሰው እጅ የለሰለሰ፣ ማምረት የቆመ፣ እነዚህን ግን ሁለቴ አስቡ። ራሳችሁን ለመፈተን እንዲህ በሉ፣ ዛሬ ማታ ቢሰረቅ ነገ ጠዋት ምን አረጋለሁ? ያንኑ ፍለጋ ምወጣ ከሆነ አይሸጥ። "እሺ፣ በዛ ብር ሌላ ነገር እገዛለሁ" ካላችሁ፣ መልሱን ራሳችሁ ተናገራችሁት።

የትዝታ ቤዝስ? የመጀመሪያችሁ፣ ወይ የሆነ ሰው የሰጣችሁ። አንድ ይፈቀዳል፣ እሱም ከቁጥሩ ውስጥ ይግባ እንጂ ከውጪ አይሁን፣ ካልሆነ ሁሉም ትዝታ ይሆናል (የኔ 9ኙም ነበሩ)።

ያልወሰናችሁባቸውን ቶሎ አትሽጡ፣ ቆልፉባቸው። ኬዝ ውስጥ ከትታችሁ፣ ኬዙ ላይ ቀኑን የጻፋችሁበት ወረቀት ለጥፋችሁ፣ ለሦስት ወር አትክፈቱ። በመሀል ለሆነ ዘፈን ብላችሁ ከከፈታችሁት የዘፈኑን ስም ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ሦስት ወር አልፎ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ለክርክር ቦታ የለም። ስታስቀምጡ እርጥበቱ ከ40 እስከ 60 ፐርሰንት ባለው ክፍል ይሁን፣ ክሩን ሙሉ በሙሉ አታላሉት፣ ግድግዳ ላይም ደገፍ አርጋችሁ አትተዉት፣ አንድ ቀን በጭንቅላቱ ይወድቃል።

ለመሸጥ ከደረሳችሁ አንድ ሁለት ነገር። አንድ በአንድ ሽጡ፣ ከማታዝኑለት ጀምራችሁ፣ እና ከሚቀሩት ውስጥ አንዱ ሌላው ቢበላሽ መድረክ ላይ ሊተካው ሚችል መሆኑን ሳታረጋግጡ መጠባበቂያችሁን አትልቀቁ። ለሽያጭ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት የውስጡን ፎቶ አንሱ፣ ፒክአፑን ገልብጣችሁ፣ ፖቶቹ (ከኖቦቹ ስር ያሉት) ላይ ያለውን ቁጥር፣ ሲሪያል ነምበሩን። እኔ አንዱን እንዲሸጥልኝ ለአንድ ሰው ሰጥቼ ሳይሸጥ ሲመለስልኝ ፒክአፑ ሌላ ነበር፣ ፎቶ ስላልነበረኝ ምንም ማለት አልቻልኩም። ራሳችሁ የቀየራችሁት ነገር ካለ ኦሪጅናሉን ከነብሎኑ በላስቲክ አርጋችሁ ከቤዙ ጋር ስጡ፣ ዋጋው ላይ ይታያል። አሮጌ ቤዝ ከሆነ ደግሞ "ላሳምረው" ብላችሁ ቀለም አታስቀቡት፣ በተለይ ከ1965 በፊት የነበረ ፌንደር ሰው ሚገዛው ከነጭረቱ ነው።

ወደ ሌላ አገር ምትልኩ ከሆነ የጣት ማሳረፊያው እንጨት ምን እንደሆነ እወቁ። ሳይተስ ሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2017 ሮዝዉድን በሙሉ ቁጥጥር ውስጥ አስገብቶ ነበር፣ በ2019 ያለቀለት የሙዚቃ መሳሪያ ነፃ ተደረገ፣ የብራዚል ሮዝዉድ ግን ከ1992 ጀምሮ ጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አያልፍም። የ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤዝ ካላችሁ ይሄ ይመለከታችኋል፣ አዲስ ከሆነ እርሱት።

እኔ ጋር የቀሩት ሦስት እነዚህ ናቸው፣ ፍላት የታሰረበት ፒ ቤዝ (አዎ፣ ያው ቁጥር 4 የነበረው፣ የልምምዱ)፣ አክቲቭ ባለ አምስት ክሩ፣ እና ሾርት ስኬሏ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ምጫወታት። ሚያበራው ጃዝ ሄዷል፣ ከካርቶን ያወጣሁትም ሄዷል። ፍሬትለሱ ጓደኛዬ ጋር ነው፣ አልሸጥኩትም፣ አውሼው ነው፣ ስለዚ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።